አያት የመሰከረችበት ሳይንስ

እ.ኤ.አ. በ2014 የላስከር ሽልማት ለአሜሪካዊቷ የዘረመል ተመራማሪ ለሜሪ ክሌር ኪንግ ሲሰጥ፣ ሁለት ሥራዎቻቸውን አንድ ላይ ማክበሩን እወድለታለሁ።

አንደኛው ዝነኛ ነው። የጡት ካንሰር በዘር ሊወርድ መቻሉን ብዙ ባለሙያዎች በሚጠራጠሩበት ዘመን ዓመታት ለፍተው፣ በ1990 ተጠያቂው ዘረመል በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ እንዳለ አሳዩ። ዛሬ አንዲት ሴት ተመርምራ አስቀድማ መጠንቀቅ የቻለችው ከዚያ ተነስቶ ነው።

ሁለተኛው ግን ልቤን ይበልጥ ይነካዋል። በአርጀንቲና ወታደራዊ አገዛዝ ዘመን (1976–1983) ወላጆቻቸው ታፍነው የጠፉባቸው ሕፃናት ለባዕድ ቤተሰቦች ተሰጡ። አያቶቻቸው ፍለጋ ወጡ። ወላጅ በሌለበት ዝምድና በምን ይረጋገጣል? ኪንግ ከ1984 ጀምሮ ከአያቶቹ ጎን ቆሙ። የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከእናት ብቻ ስለሚወረስ፣ የእናት እናት ደም ከልጅ ልጇ ደም ጋር ይመሳከራል፤ በጠፋችው እናት ፈንታ አያት ትመሰክራለች።

እስከ ሰባት ቤት ዘር እየቆጠርን ላደግን ሰዎች፣ ስሙ ሳይቀር የተለወጠበት ልጅ ከአያቱ ጋር መገናኘቱ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።