«የደም ውሃ»፣ «አርጊ» እና ፋይብሪኖጅን፦ በደም መርጋት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ደም መርጋት በአማርኛ የተጻፉ የጤና ጽሑፎችንና ትርጉሞችን ለመረመረ ሰው ሁለት ስያሜዎች ጎልተው ይታዩታል። አንደኛው «የደም ውሃ» ሲሆን ሁለተኛው «አርጊ ሕዋስ» ነው። ሁለቱም ለጆሮ የማይጎረብጡ፣ ከሕዝቡ አነጋገር የተገኙ ወይም ሕዝቡ ከሚያውቀው ግስ የተረቡ ናቸው። ችግራቸው ከአማርኛነታቸው ላይ ሳይሆን፣ ፋይብሪኖጅን የተባለው ፕሮቲን የሚፈጽመውን ተግባር ከአንባቢ ከመሰወራቸው ላይ ነው።

ፋይብሪኖጅን በጉበት ተሠርቶ በፕላዝማ ውስጥ ሟሙቶ የሚዘዋወር ፕሮቲን ነው። መጠኑ በጤነኛ ሰው ዘንድ በአንድ ሊትር ፕላዝማ ከ2 እስከ 4 ግራም ያህል ይሆናል። የደም ሥር ሲቆሰል ትሮምቢን የተባለው ኤንዛይም ከፋይብሪኖጅን ላይ ጥቃቅን ቁራጮችን ቆርጦ ያነሣል። የተረፈው አካል ፋይብሪን ይባላል፤ እርስ በርሱ እየተቀጣጠለ ክር፣ ክሩም መረብ ይሆናል። 13ኛው ፋክተር ክሮቹን አስተሳስሮ ያጸናቸዋል። ደም ረጋ የምንለው ይህ መረብ ሕዋሳቱን አጥምዶ ሲይዝ ነው።

አሁን «የደም ውሃ» ወደሚለው እንመለስ። ይህ ስያሜ አንድ ጊዜ ለፕላዝማ፣ ሌላ ጊዜ ለሴረም ሲውል ይታያል። ነገር ግን ፕላዝማ ማለት እንዳይረጋ ከተደረገ ደም ላይ ሕዋሳቱ ሲለዩ የሚገኘው ፈሳሽ ነው፤ ሴረም ደግሞ ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ነው። በመርጋት ጊዜ ፋይብሪኖጅን ወደ ፋይብሪን ተለውጦ ስለሚያልቅ፣ የሁለቱ ዋና ልዩነት ይኸው ፕሮቲን መኖሩና አለመኖሩ ነው። «በደም ውሃ ውስጥ ያለውን ፋይብሪኖጅን ለካ» የሚል ትእዛዝ የተሰጠው የላቦራቶሪ ሠራተኛ ደሙን አርግቶ ሴረሙን ቢመረምር ምንም የማያገኘው ስለዚህ ነው። በእርግዝና ወራት የዚህ ፕሮቲን መጠን ከወትሮው ከፍ ይላል፤ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም በሚፈሳት እናት ላይ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ግን የከባድ አደጋ ምልክት ነው። እንግዲህ የአንድ ቃል ለሁለት ነገር መዋል እዚህ ላይ የቋንቋ ሊቃውንት ጭቅጭቅ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሥርወ ቃሉን ለተመለከተ የላቲኑ «ሴሩም» የመጀመሪያ ትርጉሙ አጓት ነው። እኛም አሬራ በእሳት ሞቆ አይቡ ሲለይ የሚቀረውን ፈሳሽ አጓት እንላለን። «የደም አጓት» ቢባል ሐኪሞቻችን ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ የአውሮፓ ሐኪሞች ግን ያንኑ ሲሉ ለዘመናት ኖረዋል፤ የሳቀባቸውም የለም። ይህን የማይወድ «ፕላዝማ» እና «ሴረም» ብሎ በባዕድ ቃልነታቸው ይጠቀም። «የደም ውሃ» ግን ከሙያ ቃላት ዝርዝር ቢወጣ እወዳለሁ።

ለፕላትሌት የተሰጠው «አርጊ» በሰዋስው በኩል ነቀፋ የለበትም፤ ረጋ፣ አረጋ፣ አርጊ። ጽንሰ ሐሳቡ ግን ተዛብቷል። ፕላትሌቶች በቁስሉ ላይ ተሰባስበው ቀዳዳውን ይደፍናሉ፤ ለመርጋቱም ሂደት መካሄጃ ገጽ ይሆናሉ፤ መረቡን የሚሠራው ግን ፋይብሪን ነው። ሲወለድ ጀምሮ ፋይብሪኖጅን የሌለው ሰው ፕላትሌቱ የተሟላ ቢሆንም ደሙ አይረጋም። ሄሞፊሊያ ያለበትም ሰው፣ የጎደለው 8ኛው ወይም 9ኛው ፋክተር እንጂ ፕላትሌት አይደለም። ለአንባቢው ግን «አርጊ ሕዋስ ሞልቶ ደም አልረጋም» ተብሎ ሲነገረው ዓረፍተ ነገሩ ራሱን ያፈርስበታል። ተርጓሚውም ስለ ትሮምቢን ሲጽፍ «ያረጋል» ከማለት በቀር ሌላ ግስ ስለማይኖረው ሁለተኛ አርጊ ይፈጥራል። ስሕተት ከሚናገር የአገር ቃል ምንም የማይናገር ባዕድ ቃል ይሻለኛል።

ፋይብሪኖጅንን ራሱን «ፋይብሪን አመንጪ» ብሎ መተርጎም ለሚቃጣውም አንድ ቃል አለኝ። ምንጭ ውሃውን ሰጥቶ እሱ በቦታው ይቀራል፤ ፋይብሪኖጅን ግን ፋይብሪንን አይሰጥም፣ እሱው ራሱ ፋይብሪን ይሆናል። በባዕዱ ቋንቋ አንዱ በመድረሻ ቅጥያ፣ ፕሮትሮምቢን ደግሞ በመነሻ ቅጥያ ቢሰየምም ዝምድናው አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ገና ያልተለወጡ ቀዳሚዎች ናቸው። ቅድመ አያትንና ቅድመ ታሪክን የምናውቅ ሰዎች «ቅድመ ፋይብሪን» እና «ቅድመ ትሮምቢን» ብንል ዝምድናው በአማርኛው ከባዕዱ ይልቅ ጥርት ብሎ ይወጣል። ይሁንና ስሙ ዓለም አቀፍ ስለሆነ ዋናው መግቢያ ቃል «ፋይብሪኖጅን» ሆኖ ይህ በፍቺው ውስጥ ቢገባ ይበቃል። በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ስሞች በዝተው ሲያስቸግሩ ለፋክተሮቹ የሮማ ቁጥር መስጠቱ ይታወቃል፤ ፋይብሪኖጅንም 1ኛው ሆነ። ከዚያ ተራ 6ኛው የለም፤ ለብቻው የቆመ ነገር መስሎ የተቆጠረው የ5ኛው የነቃ መልክ ሆኖ በመገኘቱ ተሰርዟል። ቁጥርም ቢሆን ከስሕተት አያድንም ማለት ነው።

«ደም ማቅጠኛ» የሚባሉት መድኃኒቶች ደምን አያቀጥኑም። ዋርፋሪን ለምሳሌ በቫይታሚን ኬ አማካይነት የሚሠሩትን ፋክተሮች ያዳክማል እንጂ የደሙን ውፍረት አይነካም፤ «ፀረ መርጋት» ማለት ይቀላል፣ እውነትም ነው። «መርጋት» የሚለውም ቁስልን ለሚያድነው ሂደትና በእግር ሥር ውስጥ ለሚፈጠረው በሽታ እኩል እየዋለ ነው። «መርጋት» ለሂደቱ ይቆይ፤ በሥር ውስጥ ተፈጥሮ መንገድ ለሚዘጋው ነገር ግን ገበሬው ለአፈር የሚለው «ጓል» አለን፤ ሕዝቡም «የጓጎለ ደም» ማለቱን አልተወም።