«ቀንቶት ነው» ስለሚለው ፍርድ

በእኛ አገር በጎንደር፥ ከቀሐ ወንዝ ወዲህና ወዲያ በሚገኙት ሻይ ቤቶች፥ ወጣቶች ስለ ሯጮች ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ከሻምበል አበበ ቢቂላና ከማሞ ወልዴ ማን ይበልጣል? የሚለው ጥያቄ ከክርክሩ አይጠፋም። አንደኛው ወገን፥ «ማሞ ሜክሲኮ ላይ ያሸነፈው ቀንቶት ነው፤ አበበ እግሩን ባይታመም መች ይቀድመው ነበር!» ይላል። ሌላው ደግሞ፥ «ሜዳልያው በማን አንገት ላይ ነው?» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኔ ሁለቱንም እነቅፋለሁ፤ የፊተኛውን ግን አብልጬ።

ሁለቱም የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ፤ አሠልጣኛቸውም አንድ ሰው፥ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። ስለዚህ እነርሱን ማወዳደር ቀላል ይመስላል።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ አበበ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ በእግሩ ጉዳት አቋረጠ። ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ወሰደ። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሁለተኛው ጃፓናዊ ኪሚሃራ የደረሰው ከ3 ደቂቃ በኋላ ነው። ያን 3 ደቂቃ የአበበ ሕመም አልሮጠለትም! ከሳምንት በፊትም ማሞ በ10,000 ሜትር ብር አግኝቶ ነበር፤ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ የቀደመው 1 ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ነው።

ደግሞስ፥ አንባቢ ሆይ፥ ዕድልን ከቈጠርን ለሁሉም እንቍጠር እንጂ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮው ማራቶን ያቋረጠው ማሞ ነበር። «አበበ ቀንቶት ነው» ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። «ቀንቶት ነው» የምንለው ለማንወደው ሰው ብቻ ይመስለኛል።

ውጤት ብቻ ይናገር ለሚሉትም መልስ አለኝ፤ ለዚህም የመኪና እሽቅድምድም ይሻላል፥ በዚያ ጓደኛሞቹ የሚነዱት መኪና እንኳ አንድ ዓይነት ነውና። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. ኒኪ ላውዳና አላን ፕሮስት ለማክላረን ቡድን ይነዱ ነበር። ፕሮስት 7 ጊዜ፥ ላውዳ 5 ጊዜ አሸነፉ፤ የዓመቱ ሻምፒዮን ግን ላውዳ ሆነ፥ ያውም በግማሽ ነጥብ! ግማሿ ከየት መጣች? በሞናኮ ፕሮስት እየመራ ሳለ ውድድሩ በዝናብ ምክንያት ስለ ተቋረጠ፥ ለአሸናፊ የሚገባው 9 ነጥብ 4 ተኩል ብቻ ሆነ። ከኋላው አየርተን ሴና እየደረሰበት ነበርና፥ «ፕሮስት ቀናው» ተባለለት። ሆኖም ውድድሩ እስከ መጨረሻ ተነድቶ፥ ተቀድሞ እንኳ ሁለተኛ ቢወጣ፥ 6 ነጥብ ያገኝና ሻምፒዮን ይሆን ነበር። እንግዲህ ያ ዝናብ ዕድል ነው ወይስ መከራ? ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ መጠየቅም አይችል።

ማሞ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. በሙኒክ፥ በ40 ዓመቱ፥ በማራቶን ሦስተኛ ወጣ። እንዲህ ያለውን ሰው «ቀንቶት» የሚል፥ ሙኒክን ምን ሊለው ነው?

አንተስ ማን ይበልጣል ትላለህ ብትሉኝ፥ አበበ እላለሁ። ይህን የምለው ስለ ሜክሲኮው እግሩ አዝኜለት አይደለም፤ በቶኪዮ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው፥ ተከታዩን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ስለ ገባ ነው።