የኤደኑ መድፍና የኢብን ሐምዛ እጅ

ትልቅ መድፍ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥይቱ የት ድረስ ይሄዳል?» ብሎ ነው። የሙያው ሰው ግን «ሲተኮስ ከጎኑ የቆሙትን ሳይጨርስ ይቀራል ወይ?» ይላል። መሐመድ ኢብን ሐምዛ የተባለው ባለሙያ ያቀለጠውን የኤደን መድፍ የምመለከተው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ነው።

መድፉ ለኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማን የተሠራው በ937 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ1530 ወይም በ1531 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የታሰበው የሕንድ ውቅያኖስን ንግድ በያዙት ፖርቱጋሎች ላይ ነበር። በ1538 የግብፁ ገዥ ሱለይማን ፓሻ ከስዊዝ ተነሥቶ ወደ ሕንድ ሲዘምት መንገዱን በየመኗ ወደብ በኤደን አደረገ፤ የከተማዋን ገዥ ዓሚር ኢብን ዳውድን መርከቡ ላይ ጠርቶ ሰቀለውና ወደቧን ያዘ። ዲዩ በተባለው የፖርቱጋሎች ምሽግ ፊት ግን አልቀናውም። ጌቶቻቸው ሲመለሱ የኢብን ሐምዛ መድፎች በየደረሱበት ቀሩ። የኤደኑን እንግሊዞች ጃንዋሪ 19 ቀን 1839 የሲራን ደሴት ደብድበው ከተማዋን ሲይዙ «ቮላጅ» የተባለችው መርከብ አዛዥ ካፒቴን ስሚዝ ማረከው፤ ለንደን ግንብ ገባ። ያው እጅ በዚያው በ937 ዓመተ ሂጅራ የሠራው ኒላም የተባለው ወንድሙ ደግሞ ከዲዩ ተወስዶ ጉጅራት ውስጥ በጁናጋድ ከተማ ኡፐርኮት ምሽግ ላይ ተቀምጧል። ርዝመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል።

ይህ የኦቶማኖችና የፖርቱጋሎች ፉክክር ወደ እኛም ተሻግሯል። በ1542 ወፍላ ላይ የፖርቱጋሎቹ ጦር መሪ ክርስቶፎ ዳ ጋማ የተሸነፈው ኢማም አሕመድ ከየመን፣ ከዘቢድ፣ ነፍጠኞችና መድፎች ከመጡለት በኋላ ነበር።

አምስት ሜትር ነሐስ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ዘመን የነበረው ሥራ የሚጀምረው ከአፈር ነው። በመድፉ አምሳያ ላይ የላመ ሸክላ ከፀጉርና ከፋንድያ ጋር ተቦክቶ በስሱ ይለቀለቃል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብበትም። በጭቃና በጭድ ቤት የለሰነ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ተቸኩሎ የተለሰነ ግድግዳ መሰንጠቁ አይቀርም። ልዩነቱ የቤት ስንጥቅ በማግሥቱ መደፈኑ ነው። የመድፍ ቅርጽ ግን ነሐሱ ሲፈስስበት ከተሰነጠቀ የወራት ድካም ሾልኮ ያልቃል።

ቅርጹ በብረት ቀለበት ታስሮ ከምድጃው ፊት በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አፈሙዙ ወደ ላይ፣ ቂጡ ወደ ታች። መካከሉ ላይ ቀዳዳውን የሚያወጣው ምሰሶ ይገባል። ይህ ምሰሶ ጥቂት እንኳ ካጋደለ የመድፉ ግድግዳ በአንድ ወገን ይሳሳል፤ ባሩዱም መውጫውን በዚያ በኩል ይፈልጋል። መዳቡ ቀድሞ ይቀልጣል፣ ቆርቆሮው ግን መቃጠሉ ስለሚያሰጋ መጨረሻ ላይ ነው የሚጨመረው፤ መጠኑም ከመቶ አሥር እጅ ገደማ ነው። ካነሰ ነሐሱ ይለሰልሳል። ከበዛ የደወል ነሐስ ይሆናል፤ ድምፁ ያምራል፣ ግን ተሰባሪ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ተቆርጦ የሚጣለው ክፍል ነው። ከአፈሙዙ በላይ ሆን ተብሎ ትርፍ ነሐስ ይፈስሳል። ክብደቱ የታችኛውን ያጠብቀዋል፤ አረፋውና ዝቃጩም ወደ እርሱ ይወጣል። ነሐሱ ሲቀዘቅዝ ያ ሁሉ በመጋዝ ይቆረጣል። በዚህ ዘዴ ጥቅጥቅ ያለው ነሐስ የሚገኘው ባሩዱ በሚነድበት በመድፉ ቂጥ ላይ ነው። ጎብኚ ይህን አያየውም፤ ሊያየው የሚችለው ሥራው ሲበላሽ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ሙያ የሚያከብሩ ሰዎች በእኛም ዘመን አልጠፉም። እንግሊዝ አገር ፖርትስማዝ አጠገብ በሚገኘው ፎርት ኔልሰን፣ ሙኒር ዓሊ በ1464 ያቀለጠው 16.8 ቶን የሚመዝን የኦቶማን መድፍ በተቀመጠበት ምሽግ፣ የፖርትስዳውን መድፈኛ በጎ ፈቃደኞች የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ልብስ ለብሰው የጥንት መድፍ አተኳኮስ ሲያሳዩ ኖረዋል።

ከአፈሙዙ የሚጎርስ መድፍ ሲተኮስ ሕዝቡ ጆሮውን ይዞ ጭሱን ይጠብቃል። እናንተ ግን እጃቸውን እዩ። አንዱ እርጥብ መወልወያውን ወደ ውስጥ ሲሰድ ሌላው ቆዳ ባጠለቀ አውራ ጣቱ መለኮሻ ቀዳዳውን ይደፍናል። አየር በዚያ ካለፈ የቀረውን ፍም ያራግበዋል፤ ቀጥሎ የሚገባው ባሩድም በጎራሹ እጅ ላይ ይነድዳል። ባሩዱን በዘንግ የሚጠቀጥቀው ደግሞ አውራ ጣቱን በዘንጉ ላይ አይጠመጥምም፤ ከሌሎቹ ጣቶች ጎን ያሳርፈዋል። መድፉ ሳይታሰብ ቢተኮስ ዘንጉ ጣቱን ሳይዝበት ይሄዳል። ይህ ልማድ በብዙ መድፈኞች ጣት የተከፈለ ነው። ተመልካቹ ከተበተነ በኋላ የሙቅ ውሃው እጥበት ይመጣል፤ የባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስቦ ብረት ይበላልና። ለዚህ የሚያጨበጭብ የለም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ የአፄ ቴዎድሮስን መድፍ ሴባስቶፖልን እናገኛለን። ከኤደን የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ የተላከው የዚያው ወደብ የእንግሊዝ ረዳት ሹም ሆርሙዝድ ራሳም በንጉሡ ግዞት ሳለ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የመድፍ ሙያ ያልተማሩ ሚሲዮናውያንና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ነሐስ አፈሰሱ። መድፉ በሰው ጉልበት መቅደላ ወጣ። ኤፕሪል 10 ቀን 1868 አሮጌ በተባለው ቦታ ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው ውጊያ ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ከልክ በላይ ባሩድ ጎርሶ ፈነዳ፤ ሴባስቶፖል ግን በጦርነት ሳይተኮስ እዚያው አምባ ላይ ቀረ።

በሙያ ጥራት ከፈረድኩ የኢብን ሐምዛን አስቀድማለሁ፤ የጋፋቱ የድፍረት ሥራ ነው። መቅደላ የምትወጡ ሰዎች ግን ፎቶ ከመነሣታችሁ በፊት የሴባስቶፖልን ጎን በመዳፋችሁ ዳብሱት፤ ነሐሱ የት ላይ እንደሰመረ፣ የት ላይ እንዳስቸገረ ራሱ ያሳያችኋል።