ወደ ዘጌ የቀዘፈው ማን ነው? በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር እርማት ላይ ስለሚያጋጥሙ፥ ስፍራቸውን ስለ ሳቱ ገላጮች

«ወደ ዘጌ ስንቀዝፍ ደኑ ታየን።» ይህን ዐረፍተ ነገር በጣና ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ያለ ችግር ይረዳዋል። የቀዘፍነው እኛ ነን፤ የታየን ደኑ ነው። ይህንኑ አሳብ አንድ ተማሪ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው «ሮዊንግ ቱ ዘጌ፥ ዘ ፎረስት አፒርድ» ብሎ ይጽፋል። በእንግሊዝኛ ሰዋስው ፍርድ ግን መቅዘፊያ ይዞ ወደ ዘጌ የቀዘፈው ደኑ ራሱ ሆኖ ተገኘ። መምህሩ በቀይ ቀለም ያሰምርበታል፤ ተማሪውም ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ደብተሩን ይዘጋል።

እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ስንከታተል ይህ ቀይ መስመር ብዙ ጊዜ ደርሶናል። «ተጠንቀቁ» ከመባል በቀር ምክንያቱ ሲነገረን አላስታውስም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው ስሕተቱ ከቸልተኝነት የሚመጣ አለመሆኑንና፥ አጋዥ መጻሕፍት የሚሰጡት መድኃኒትም በሽታውን የማያውቅ መሆኑን ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሆነ ፊዚክሱ የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ፥ ውጤቱ በጥር ወር ሲገለጥ፥ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውድቀት ምክንያቱ የገላጭ ስፍራ ነው ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ያለው አነጋገር ማጋነን ይሆናል። ነገር ግን የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደ ተያያዘ ያላየ ተማሪ፥ የእንግሊዝኛውን ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የፊዚክሱንም ጥያቄ አጣሞ ያነባል።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። «ስንቀዝፍ» በምትለው በአንዲት ቃል ውስጥ ሥራውም ሠሪውም አሉ። «ታየን» በምትለውም ውስጥ እኛ እንደ ገና እንገኛለን። እንግዲህ በአማርኛው ሁለት ጊዜ የተጠራነው ሰዎች፥ በእንግሊዝኛው አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራንም። በሰዋስው መጻሕፍታችን ቦዝ አንቀጽ የሚባለውም ጠባዩ እንደዚሁ ነው፤ ቀዝፌ፥ ቀዝፎ፥ ቀዝፋ፥ ቀዝፈን ስንል ሠሪውን ቃሉ ራሱ ይነግረናል። «መሽቶ ደረስን» ብንል የመሸው እኛ ነን ብሎ የሚስት አድማጭ የለም። የእንግሊዝኛው «ሮዊንግ» ግን ሠሪውን የሚይዝበት ኪስ የለውም። ስለዚህ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ መጀመሪያ ያገኘውን ስም ጌታዬ ነው ብሎ ይከተለዋል። ባጭሩ፥ በአማርኛ ዝምድናን ብዙውን ጊዜ ቃሉ ራሱ ይሸከማል፤ በእንግሊዝኛ ግን የሚሸከመው ስፍራው ነው።

ይህን ያላስተዋሉ አጋዥ መጻሕፍት ለተማሪው አንድ አቋራጭ መንገድ ያሳዩታል፤ ይኸውም «ከነጠላ ሰረዝ በኋላ ሰው የሚገኝበትን ምርጫ ያዝ» የሚል ነው። በዘጌው ምሳሌ ምክሩ ይሠራል፤ «ሮዊንግ ቱ ዘጌ፥ ዊ ሶው ዘ ፎረስት» ቢባል ትክክል ነው። ሆኖም ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። «ሜድ ኦፍ ፓፒረስ፥ ዘ ፊሸርማን ሮውድ ዘ ታንኳ» የሚል ምርጫ ቢቀርብ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ሰው አለ፤ ነገር ግን ከደንገል የተሠራው ዓሣ አጥማጁ ሆነ! ትክክለኛው «ሜድ ኦፍ ፓፒረስ፥ ዘ ታንኳ ካሪድ ዘ ፊሸርማን» የሚለው ነው። እንግዲህ አቋራጩን የሸመደደ ተማሪ በአንዱ ጥያቄ ድኖ በሌላው ይሰጥማል። ምክንያቱን የተማረ ግን በሁለቱም ይሻገራል።

ሁለተኛው ዓይነት ስሕተት በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ይታያል። «ገበሬው ለእንግዳው በጆንያ ያለ ቡና ሸጠለት» የሚለውን ተማሪው «ዘ ፋርመር ሶልድ ኮፊ ቱ ዘ ቪዚተር ኢን ኤ ሳክ» ብሎ ይመልሰዋል። በዚህም እንግዳውን ጆንያ ውስጥ ከተተው። በአማርኛው «ያለ» የምትለው ትንሽ ቃል ጆንያውንና ቡናውን አሥራ ይዛ ነበር፤ በትርጉሙ ላይ ማሠሪያዋ ወደቀች። ጆንያው ከቡናው አጠገብ ይቀመጥ፤ «ኮፊ ኢን ኤ ሳክ» ይባል፤ እንግዳውም ነጻ ይወጣል።

ሦስተኛው የ«ኦንሊ» ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ቋንቋችን ጠላታችን ሳይሆን ረዳታችን ነው። «እኛ ብቻ ዓሣ ገዛን» እና «እኛ ዓሣ ብቻ ገዛን» አንድ አለመሆናቸውን በባሕር ዳር ገበያ የሚላክ ሕፃን ያውቃል። «ብቻ» የሚወስነውን ቃል ተከትሎ ይቆማል። ፈተናው የሚፈልገው የ«ኦንሊ» ሕግም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ «ኦንሊ» ከቃሉ በፊት መቆሙ ነው። በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብናስብ የነገሩ ክብደት ይገባናል፤ «ለሕፃናት ብቻ ከምግብ በኋላ ይሰጥ» እና «ለሕፃናት ከምግብ በኋላ ብቻ ይሰጥ» የተባሉት ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። አንድ መምህር ትምህርቱን ከ«ብቻ» ቢጀምር ተማሪው ሕጉን ከቤቱ ይዞት እንደ መጣ ያያል።

ምናልባት «አማርኛ ከዚህ ሁሉ ጉድለት ንጹሕ ነው ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም። «ትናንት ከዘጌ የመጣው መነኩሴ ታመመ» ስንል ትናንት የሆነው መምጣቱ ነው ወይስ መታመሙ? «ከዘጌ የመጣው መነኩሴ ትናንት ታመመ» ካላልን ነገሩ አይለይም። እንግሊዞችም ቢሆኑ ከዚህ አልዳኑም፤ በሼክስፒር ሐምሌት ውስጥ የሟቹ ንጉሥ መንፈስ ስለ አሟሟቱ ሲናገር፥ ንግግሩ በሰዋስው ሚዛን ቢመዘን በአትክልቱ ስፍራ ተኝቶ የነበረው ነደፈ የተባለው እባብ ይሆናል። እንደ «ጄኔራሊ ስፒኪንግ» ያሉት አነጋገሮችም ሠሪ ሳይኖራቸው በልማድ ተፈቅደዋል።

ከዚህም በላይ እኛ የምንኖረው በቅኔ አገር ነው። በዚሁ በጎጃም፥ በዋሸራ የቅኔ ቤት፥ አንድን ቃል በሁለት መንገድ ማስኬድ የሊቅነት ምልክት ነው። ነገር ግን ባለቅኔው ሁለቱንም መንገዶች ዐውቆ ይከፍታቸዋል፤ በፈተና ወረቀት የሚሳሳተው ተማሪ ግን ሁለተኛው መንገድ መከፈቱንም አላወቀም። የሰም ለበስ ጥበብና ያልታሰበ አሻሚነት በዚህ ይለያያሉ። የቅኔ ተማሪ ባለቤቱንና ማሠሪያ አንቀጹን እየፈለገ ቅኔውን እንደሚፈታው፥ የእንግሊዝኛውንም ዐረፍተ ነገር በዚያው ዓይን መፍታት ይቻላል።

በእኛ አስተያየት ተማሪው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ሦስት ነገር ቢያደርግ ይጠቀማል። አንደኛ፥ ሠሪው ያልተጠቀሰበትን መክፈቻ ሐረግ ለይቶ «ማን?» ወይም «ምን?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛ፥ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ የሚመጣው ስም ለዚህ ጥያቄ መልስ መሆኑን ይመርምር፤ ይልቁንም የተገብሮ ግሥ ሲያይ ሠሪው ተሰውሮ እንዳይሆን ይጠንቀቅ። ሦስተኛ፥ ስሙ መልስ ካልሆነ ወይ ትክክለኛውን ስም ወደዚያ ስፍራ ያምጣ፥ ወይም የጠፋውን ሠሪ ወደ መክፈቻው ይመልስ። «አዝ ዊ ሮውድ ቱ ዘጌ፥ ዘ ፎረስት አፒርድ» ቢል «ስንቀዝፍ» በምትለው ቃል ውስጥ የነበርነው እኛ ወደ ታንኳችን ተመለስን ማለት ነው።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው ቀዩን መስመር እንዲተዉልን አይደለም። ከመስመሩ አጠገብ «የቀዘፈው ማን ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ቢጽፉልን ይበቃናል። የገዛ ቋንቋው ምን እንደሚሠራ የተነገረው ተማሪ የሌላውን ቋንቋ ሥራ ለማየት ዓይኑ ይከፈታል፤ ያልተነገረው ግን ሁለቱንም በጭፍኑ ይናገራል። በጻፍነው ውስጥ ስፍራውን የሳተ ገላጭ ያገኘ አንባቢ ቢኖር፥ ቢያርመን በደስታ እንቀበለዋለን።