የዋቢ ዝርዝራችንና የሚጠፉት ስሞች

በፎገራ ወረዳ በቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ትኩሳታቸው ለሳምንታት የቆየባቸውን ሕሙማን መዝግቦ ጥናት የጻፈ አንድ የጤና መኮንን፣ ጽሑፉ ከአንድ መጽሔት ዝግጅት ክፍል በተመለሰለት ሰሞን ወረታ ላይ አገኘኝ። ጽሑፉ ወደ ገምጋሚዎች አልደረሰም። የተመለሰው በአንድ መስመር ማስታወሻ ነበር፤ የዋቢ ጽሑፎቹ ዝርዝር በቫንኩቨር ሥርዓት አልተዘጋጀም የሚል። «ዶክተር፣ ነጥብና ሰረዙን ብቻ ያስተካክሉልኝ» አለኝ። ሥራው የአንድ ምሽት መስሎኝ ተቀበልሁት። ሦስት ምሽት ፈጀ፤ ነጥብና ሰረዙ የወሰደው ግን የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሂስ ስለዚህ በሁለት ወገን ላይ ያርፋል፤ ቅርጹን ብቻ ተመልክቶ ጽሑፍ በሚመልስ አዘጋጅ ላይና ዋቢን የጸሐፊ ሳይሆን የታይፒስት ሥራ አድርገን በምንቈጥር በእኛ ላይ።

ሥርዓቱ ራሱ የሚናቅ አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. ጥቂት የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው ደንብ አወጡ፤ በ1979 ታትሞ ወጣ። ዓላማው ጽሑፉን ከአንዱ መጽሔት ወደ ሌላው የሚያዛውር ሰው ዋቢዎቹን ሁሉ እንደ አዲስ ከመጻፍ እንዲያርፍ ነበር። ዋቢዎች በጽሑፉ ውስጥ በተጠቀሱበት ተራ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ የጸሐፊው የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ የግል ስሙ በመነሻ ፊደሉ ያጥራል፤ ርእሱ፣ የመጽሔቱ ስም፣ ዓመቱ፣ ቅጹና ገጹ ይከተላሉ። ጸሐፊዎቹ ከስድስት ከበለጡ ስድስቱ ተጽፈው የቀሩት «እና ሌሎች» በሚለው ውስጥ ይጠቃለላሉ።

ችግሩ የሚጀምረው «የቤተሰብ ስም» ከሚለው ቃል ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው።

ለምሳሌ የፎገራን ትኩሳት የሚያጠና ሰው ሊያልፈው የማይችለውን ጽሑፍ እንውሰድ። በአጎራባቹ ሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው የፈጀው በሽታ በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ሲታከም ቆይቶ፣ በ1997 ዓ.ም. በግንቦት (በ2005 እ.ኤ.አ.) ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ወረርሽኙ ፎገራንም አዳረሰ። የጥናቱ ዘገባ በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የትሮፒካል ሕክምናና ሃይጂን መጽሔት ቅጽ 77 ወጣ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ሆርሄ አልቫር ሲሆኑ ሁለተኛውና ሦስተኛው ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ሰይፈ ባሻዬና ዳንኤል አርጋው። በዋቢ ዝርዝር ላይ ግን «ባሻዬ ኤስ» እና «አርጋው ዲ» ሆነው ይገኛሉ። የተጻፉት አባቶቻቸው ናቸው፤ ጥናቱን የሠሩት ልጆች ግን በአንዳንድ ፊደል ቀርተዋል።

ወዳጄ ይህን ጽሑፍ በዓይኑ አላየውም ነበር። ዋቢውን ከሌላ ጽሑፍ ዝርዝር ገለበጠ። ስሙ የተገለበጠ መሆኑን ስለሚያውቅ እንደገና ገለበጠውና በአንዱ ተራ ቁጥር «ዳንኤል ኤ» ሲል በሌላው «አርጋው ዲ» አለ። አንዱ ሰው ሁለት ሆነ። በፓስፖርቱ እንደተጻፈው በአያቱ ስም የሚያሳትም ተመራማሪ ቢኖር ደግሞ ሦስተኛ ሰው ይወጣዋል፤ የሠራው ሥራ በሦስት ስም ተከፋፍሎ ማንም በአንድ ላይ አያገኘውም። ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። አይስላንዳውያንም እንደ እኛ በአባት ስም ይጠራሉ፤ የስልክ ማውጫቸው ግን በራስ ስም ፊደል ተራ ይዘጋጅ ነበር። የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔትና ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካም ኢትዮጵያዊን ጸሐፊ ሳይገለብጡ በራሱ ስም ይጽፋሉ። የሕክምና መጽሔቶቻችን ከእነርሱ ባይማሩ ያሳዝናል።

ሆኖም በስሜት ተነሥተን በውጭ መጽሔት በሚታተም ዝርዝር ላይ ስሙን «ማቃናት» ስሕተት ነው። ፓብሜድ የመዘገበው «አርጋው ዲ» ብሎ ነው፤ ፈላጊው የሚያገኘው በዚያው መልክ ነው። የዋቢ መጀመሪያ ግዴታው መገኘት ነው። እኔ የምመክረው ሌላ ነው፤ በራሳችን ቋንቋ በሚወጡ ገጾች ሙሉ ስም ሳይገለበጥ ይጻፍ፣ እያንዳንዱ ተመራማሪም ከመጀመሪያ ጽሑፉ ጀምሮ አንድ የስም አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው ይያዘው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦርኪድ የተባለ ባለ 16 ቦታ የተመራማሪ መለያ በነጻ ስለሚሰጥ እርሱንም ማውጣት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ከስሙ የባሰ አደጋ ያየሁት በዓመቱ ላይ ነው። ወዳጄ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ዓመታዊ ሪፖርት ጠቅሶ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ «1997» ብቻ ብሏል። የውጭ አንባቢ ይህን ሲያይ ወረርሽኙ ከታወቀበት ስምንት ዓመት አስቀድሞ የነበረ መረጃ ይመስለዋል። ስምንት መደመርም ሁልጊዜ አይበቃም፤ የኅዳር 1997 ወርኀዊ ሪፖርት 2004 ነው፣ የግንቦቱ 2005። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ስለሚሄድ ሁለቱንም ዓመት መጻፍ ይገባል። በሽታው ከየት ወዴት እንደ ተዛመተ የሚጠይቅ ጥናት ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት የማመልከቻ ነጥብ ከመዘለሉ ጋር አይወዳደርም፤ የአዘጋጁ ማስታወሻ ግን ስለዚህ አንዳች አላለም።

ስለ ቦታ ስም ብዙ አልልም። ቁሐር በላቲን ፊደል አንዴ በ«ኬ» አንዴ በ«ኪው» ይጻፋል፤ ወረታም እንደ ጸሐፊው አናባቢ ይቀያየርበታል። የታተመው ርእስ እንዳለ ይገልበጥ፤ በራሳችን ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን መርጠን እንጽና።

ሌላው የተለመደ ነውር ያላነበቡትን መጥቀስ ነው። በመግቢያው ላይ የ1958 እ.ኤ.አ. የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150,000 ገደለ ይላል፤ የተጠቀሰው ግን የቅርብ ጊዜ ጽሑፍ ነው። ምንጩ ፎንቴይንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጽሑፍ ነው፤ ቁጥሩም ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ግን «ግምት» የሚለው ቃል መንገድ ላይ ይወድቃል። ይህን ስሕተት እኔም በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ሠርቼዋለሁ።

በሦስተኛው ምሽት ወዳጄ ከዋቢዎቹ አንዱን፣ ሰይፈ ባሻዬ በመጀመሪያ ጸሐፊነት የተሰለፉበትንና በ2009 እ.ኤ.አ. በቅጽ 81 የወጣውን ጽሑፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አነበበ። በሊቦ ከምከም ውሻ ማሳደር፣ ከግራር ሥር መተኛትና ሌሊት ደጅ የማደር ልማድ ለካላዛር ማጋለጣቸውን ሲያይ ዝም አለ። በቁሐር ሚካኤል መጠይቁ ላይ ሕሙማኑ የት እንደሚያድሩ አልጠየቀም ነበር።

ነጥብና ሰረዙ ተስተካክሏል። ጽሑፉ ግን እስካሁን አልተላከም፤ እርሱ አንዲት ገጽ መጠይቅ ይዞ ወደ ቀበሌው ተመልሷል።