ሁለተኛው እይታ፦ ዞማ ቤተ መዘክርና ነቅተን የምናየው ሕልም

ከዞማ ቤተ መዘክር የሚወጣ እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚላት ቃል አለች፤ «ሕልም ይመስላል»። እኔም የመጀመሪያ ቀን ብያታለሁ። መካኒሳ ውስጥ፣ ብሎኬትና መስታወት በከበበው ሰፈር፣ በአንዲት በር ዘልቆ ከጭቃ የተሠራ፣ ግድግዳው እንደ ወራጅ ውኃ የሚጠማዘዝ ግቢ መሀል ራሱን የሚያገኝ ሰው ሌላ ምን ይላል? ዛሬ ግን ያቺን ቃል መልሼ ልወስዳት ነው። ዞማ ከሕልም ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ሥራ ነው፤ ንጽጽሩ የሚያደርሰኝ ግን ብዙዎች ከሚሉት ተቃራኒ ቦታ ላይ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የራሴ ሕልም ነው። አንድ ሌሊት ያደግሁበት ጭቃ ቤት ውስጥ ቆሜያለሁ። ቤቱ ከፈረሰ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን ሳስታውስ «እያለምኩ ነው» አልኩ። አልነቃሁም። ወደ ግድግዳው ሄጄ መዳፌን አሳረፍኩበት። ይቀዘቅዛል፣ ይሻክራል፣ የረጠበ አፈር ይሸታል። ከእውኑ ምንም አላነሰም፤ እንዲያውም የጭዱ ቢጫ ቀለም በእውን ከማውቀው ይደምቅ ነበር። በደስታ ወደ መስኮቱ ዞር ብዬ ስመለስ ግድግዳው ሲሚንቶ ሆኗል። እንደገና ዞር አልኩ፤ አሁን በር ነው። ልቤ እየመታ ነቃሁ። ያ ቅዝቃዜ ግን እስከ ረፋዱ መዳፌ ላይ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሕልም የሚመዘነው በፍቺው ነው። ፈርዖን የዮሴፍን ፍቺ ፈለገ እንጂ ላሞቹ ምን ያህል እውነተኛ ላም ይመስሉ እንደነበር የጠየቀው የለም። ክፉ ሕልም ያየም ሰው «ሕልም እልም» ብሎ ቀኑን ይጀምራል። ሕልሙ ራሱ፣ ከፍቺው በፊት፣ ለሚያየው ሰው ምን ያህል እውን እንደሚመስል እምብዛም አንነጋገርም። ሕልም መሆኑን እያወቁ የሚያዩት ሕልም፣ ንቁ ሕልም እንበለው፣ ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ያመጣዋል።

መጠሪያውን በአውሮፓ ያስለመደው የኔዘርላንዱ ሐኪምና ደራሲ ፍሬደሪክ ቫን ኤደን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት ውስጥ አንድ የራሱን ሕልም ይተርካል። እያለመ መሆኑን ስላወቀ ሊፈትነው ፈለገ፤ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ቀጭን የወይን ብርጭቆ ባለ በሌለ ኃይሉ በቡጢ መታው። ብርጭቆው አልተሰበረም። ቆይቶ ዳግም ሲያየው ግን ተሰብሯል። ያ ዓለም በብልሃት የተቀዳ፣ ሆኖም ትንንሽ ስህተት ያለበት ሐሰተኛ ዓለም ሆኖ ተሰማው። የእኔ ግድግዳና የእሱ ብርጭቆ የተጋለጡት በአንድ ነገር ነው፤ ሁለቱንም የከዳቸው ሁለተኛው እይታ ነው።

ሳይንሱ እዚህ ላይ ብዙ ያግዘናል። ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ደረጃ ሰውነታችን ይታሰራል፤ ዱካክ ሲጫነን እየነቃን መንቀሳቀስ የሚያቅተን በዚሁ ምክንያት ነው። ዓይን ግን አይታሰርም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1975 እንግሊዝ አገር፣ ሐል ዩኒቨርሲቲ፣ ኪት ሐርን የተባለ ተመራማሪ አለን ወርስሊ ከተባለ አላሚ ጋር አስቀድሞ ተስማማ፤ ወርስሊ ማለሙን ሲያውቅ ዓይኑን ግራና ቀኝ ያመላልሳል። መሣሪያው ምልክቱን መዘገበ። ያን ምልክት ከእንቅልፍ ውስጥ የተደወለ የዓይን ስልክ ብለው የተጋነነ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት ጥናቶች ውስጥ ለጥያቄያችን የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2018 በስቲቨን ላበርዥና ባልደረቦቹ የታተመው ነው። ሰዎች በንቁ ሕልም ውስጥ ሆነው የሚንቀሳቀሰውን የገዛ አውራ ጣታቸውን በዓይናቸው እንዲከተሉ ተደረገ። ነቅተን የሚንቀሳቀስ ነገር ስንከተል ዓይናችን ሳይቆራረጥ ይንሸራተታል፤ ዓይናችንን ጨፍነን በሐሳብ ብቻ ስንከተል ግን እየዘለለ ይሄዳል። የአላሚዎቹ ዓይን ሳይቆራረጥ ተንሸራተተ። ዓይን በሕልም ያለውን ጣት የሚከተለው በእውን ያለውን እንደሚከተል አድርጎ ነው። እንግዲህ ድምቀትና ጥራት መለያ ሊሆኑን አይችሉም። ላበርዥ ራሱ ለአላሚዎች ከሚመክራቸው አንዱ ጽሑፍ አንብበው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ መልሰው እንዲያነቡ ነው። በሕልም ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ይለወጣል።

ይህን መመዘኛ ይዤ ነው ዞማን ዳግም ያየሁት። ቤተ መዘክሩን በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የከፈቱት የሥነ ሰብ ባለሙያዋና የዐውደ ርዕይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ እና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ናቸው። ስያሜው በወጣትነት ዕድሜ በካንሰር ለተቀጠፈ ሕይወት፣ ለሠዓሊ ዞማ ሽፈራው፣ መታሰቢያ ነው። ሁለቱ መሥራቾች የአገራችንን የጥንት የግንባታ ጥበብ በየክልሉ እየዞሩ አጥንተው፣ በጭቃ፣ በጭድ፣ በእንጨትና በድንጋይ አቆሙት።

አንዱን ግድግዳ መረጥኩ። ከአምስት እርምጃ ርቀት ሲታይ አንድ ትልቅ ጠመዝማዛ ነው፤ ከውስጡ ሌላ ይወጣል፣ ከዚያም ሌላ። ቀረብኩ። ጠመዝማዛው ከልስኑ ላይ በእጅ ተደርጎ የወጣ ነው፤ የጣት መስመር ይታያል፤ ጭዱ እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ እንደ ፀጉር ያበራል፤ ከጎኑ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወደ ታች ትወርዳለች። ፊቴን አዞርኩ። አትክልቱን አየሁ፣ የልጆች ድምፅ ሰማሁ፤ ተመለስኩ። ስንጥቋ እዚያው ናት። በሁለተኛው እይታ ላይ ግን በመጀመሪያው ያላየሁትን አገኘሁ፤ ስንጥቋ የጠመዝማዛውን ጠርዝ ተከትላ ነው የወረደችው፣ ልስኑ የሳሳበትን። በሕልሜ ያየሁት ግድግዳ ዞር ስልበት ያለኝን ነጠቀኝ፤ ይሄኛው ጨመረልኝ።

ጭቃም ይለወጣል የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ልስን ይሸፍነዋል፣ ክረምት ደግሞ ያጥበዋል፤ እናቶቻችን ለዓመት በዓል ቤት የሚለስኑት ለዚሁ ነው። የጭቃ ለውጥ ግን ምክንያትና ታሪክ አለው። ዝናቡን ትጠይቃለህ፣ የለሳኟን እጅ ትጠይቃለህ፣ መልስ ታገኛለህ። የሕልም ግድግዳ በር የሚሆነው ማንም ሳይነካው ነው።

የኤልያስ «ታይትሮፕ» የተሰኙት ተከታታይ ሥራዎችም በዚሁ መንገድ የሚታዩ ናቸው። ከሩቅ ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ወይም ወንዝ ይመስላሉ፤ ቀርበህ ስታይ ከመርካቶ የተሰበሰበ የኮምፒውተር ቁራጭ፣ የተጎነጎነ ሽቦ፣ የኪቦርድ ቁልፍ ነው። ወደ ኋላ ስትመለስ ማሳው ይመለሳል፣ አሁን ግን ከምን እንደተሠራ እያወቅክ ታየዋለህ። ከንቁ ሕልም ጋር በእውነት የሚያመሳስላቸው ይሄ ነው፤ ማወቅህ ምስሉን አያፈርሰውም።

ቅሬታዬን ደግሞ ልናገር። ዞማ አንዳንድ ቦታ ላይ ዓይን የሚያርፍበት ሜዳ አያገኝም። ጠመዝማዛው ሳይቋረጥ ሲደጋገም ብርታቱ ይደክምና ጌጥ ወደ መሆን ይወርዳል፤ አንድ ለጥ ያለ፣ ምንም ያልተቀረጸበት ግድግዳ በመሀል ቢገባ ቅርጾቹ ይበልጥ ይናገሩ ነበር። ውበቱም ጎብኚውን ያሰንፋል። በሄድኩባቸው ቀናት ብዙ ሰው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ፎቶ ሲነሣ አይቻለሁ። ጀርባ የሰጡት ግድግዳ በእርግጥ ሕልም ሆኖ ይቀራል፤ አንዴ ያበራል፣ ከዚያ ይጠፋል።

ያም ሆኖ ፍርዴ ግልጽ ነው። ዞማ በከተማችን ካየኋቸው የዘመኑ የግንባታ ሥራዎች ውስጥ ደጋግመው ሲያዩት የሚበረታው እሱ ነው፤ «ሕልም ይመስላል» ማለትም ያሳንሰዋል። ወደ መካኒሳ የምትሄዱ ከሆነ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉና አንድ ግድግዳ ምረጡ። መዳፋችሁን ሳታሳርፉ፣ በዓይናችሁ ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች ሂዱበት። ከዚያ ግቢውን ዙሩና ተመልሳችሁ እዩት።