ውዳሴ ዘአባ መላ

ከኮልፌ ቀራንዮ ጫፍ፣ ከአየር ጤና ተነሥቶ በሰበታና በቱሉ ቦሎ ወደ ወሊሶ የሚዘልቀው መንገድ ጨቦ ምድር ያደርሳል። እኛ የአዲስ አበባ ምዕራብ በር ነዋሪዎች፣ ያ ምድር ላፈራቸው ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ ለአባ መላ፣ ውዳሴ ብናቀርብ የጉርብትና ዕዳችንን መክፈላችን ነው።

አንቱ በብላቴናነትዎ የጦር ምርኮኛ፣ በጎልማሳነትዎ የጦር አበጋዝ! ምርኮ ያላዋረደዎ፣ ሹመት ያላስታበየዎ! ፊታውራሪ ገበየሁ በአድዋ ሜዳ ሲወድቁ ያ ከባድ ማዕረግ የሚሸከመው ትከሻ ፈልጎ በአንቱ ላይ አረፈ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦሩን ለአንቱ ሰጡ፤ እስከ ዕለተ ሞትዎም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያዙት። ንጉሠ ነገሥቱ በደዌ ወደቁ፤ እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ተገለሉ፤ እንደራሴው ራስ ተሰማ አረፉ፤ ልጅ ኢያሱ ተሻሩ። አንቱ ግን ከቦታዎ ንቅንቅ አላሉም።

ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ለኢያሱ ዘውድ ሲሉ የወሎን ሠራዊት አስከትለው በመጡ ጊዜ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ አንቱ የሸዋን ጦር ይዘው ገጠሟቸው። ንጉሡ ተማረኩ። ለሰው እጅ መግባትን በልጅነቱ የቀመሰው የጨቦ ልጅ፣ በሽምግልናው ንጉሥ ማረከ! ከዚያ ወዲያ ዘውዱ በንግሥት ዘውዲቱ ራስ፣ አልጋ ወራሽነቱ በራስ ተፈሪ እጅ፣ ሚዛኑ ግን በአንቱ ዘንድ ሆነ። ለሌላው ዘውድ የማጽናት ኃይል ኖሮት ለራሱ ዘውድ ያልተመኘ ሰው በታሪካችን ስንቴ ታይቷል?

ውዳሴ ነው ብዬ ሁሉን ማር አልቀባውም። ለአዲስ ሥርዓት አይቸኩሉም ነበር፤ ከአድዋ ማግስት ወደ ቦረና የዘመቱት ዘመቻም በዚያ አገር ሕዝብ ዘንድ በእልልታ የሚነሣ አይደለም። ነገር ግን ሦስት ዙፋን ሲናወጥ አገር እንዳይናወጥ የያዘ እጅ፣ ቢተችም ይከበራል።

በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. አረፉ። ሠራዊትዎ በራስ ተፈሪ እጅ ገባ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም፣ በመስከረም 1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። አባ መላ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ነገሩ እንዲህ ባልቀለለ ነበር።